ጆንያውን ማን ከፈተው?

ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም የምሸምትባት አንዲት ሴት አለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። ከመግቢያው ትይዩ በላስቲክ የተለበጠ የንግድ ሥራ ፈቃድ ተሰቅሏል። ላስቲኩ በበርበሬ ብናኝ ቀልቶ ስሟ እንኳ የሚነበበው በግድ ነው። በሚታይ ቦታ ይሰቀል የሚለው ሕጉ ነው። ከወረቀቱ ሥር ደግሞ አፉ በሲባጎ የታሰረ የተፈጨ በርበሬ ጆንያ ቆሟል።

"ተቆጣጣሪ ይመጣል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ይመጣል እንጂ! ወረቀቱን አይቶ፣ የታደሰበትን ቀን አንብቦ ይሄዳል።"

"በርበሬውንስ?"

ሳቀች። "አብሽር ወንድሜ፣ ጆንያውን ማን ከፈተው!"

ስለ ንግድ ፈቃድ በመሥሪያ ቤቱም በሬዲዮውም የሚደጋገመው ሐሳብ ከዚህች ሳቅ ጋር አይታረቅም። ፈቃድ ሸማቹን ይጠብቃል፣ ፈቃድ ያለው ሕጋዊ ነው፣ የሌለው ሕገወጥ ነው ይባላል። እስቲ ፈቃድ ለማውጣትና ለማሳደስ የሚጠየቀውን እንቁጠር፦ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተረጋገጠ የኪራይ ውል፣ ከግብር ዕዳ ነፃ መሆንን የሚመሰክር ክሊራንስ። ከነዚህ ውስጥ ስለ በርበሬው የሚናገር አንድም የለም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተገኘ ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። ይህን የሚያጣራ ሰው ቢመጣ የበርበሬ ነጋዴዋ ደስታውን አትችለውም፤ በባዕድ ነገር አብዝቶ በርካሽ የሚሸጠው ሰው ነው ገበያዋን የሚወስድባት።

ቃሉም ያሳብቃል። "ፈቃድህ ይሁን" የምንለው ለፈጣሪ ነው። ሠርቶ መብላትን "ፈቃድ" ስንለው ነጋዴውን ገና ከጅምሩ ለማኝ አድርገነዋል። በ1968 ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 76 አንድ ነጋዴ ከአንድ በላይ ፈቃድ እንዳይኖረው ሲከለክል ፈቃዱ የነጋዴ መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የነጋዴ ማሰሪያ ሆነ። ደርግ ወደቀ፣ ገበያ ተከፈተ ተባለ፤ ማሰሪያው ግን አልተፈታም። በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 686 ያለ ፀና ፈቃድ ሲነግድ የተገኘን ሰው ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮ ደነገገበት፤ ዕቃው መወረሱ ሳይቀር። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 ዓመት ይጀምራል። ከሁለቱ መነሻ የትኛው እንደሚከብድ አንባቢ ያመዛዝን።

አዋጅ 686 በ2008 በአዋጅ ቁጥር 980 ተተክቷል። ያ ዘመን ትቶት የሄደው አመለካከት ግን አሁንም አለ። ደግሞስ የትኛው ዳኛ ነው በርበሬ ነጋዴን ሰባት ዓመት ወህኒ የሚልክ? አይልክም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሊፈጸም የማይችል ቅጣት ተረስቶ አይቀርም፤ ለድርድር ይቀርባል። "ከዘርፍህ ውጪ ነግደሃል፣ ይታሸጋል" የሚል ሰው በር ላይ ሲቆም፣ በርበሬ መሸጫ ውስጥ የተገኙ አሥር ፓኬት ሻማዎች ዋጋቸው የሻማ ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ዋጋቸውን የሚወስነው የነጋዴው ፍርሃት ነው። አንዳንዱ ተቆጣጣሪ ጨዋ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ሕግ ግን በሰው ጨዋነት ላይ ተመክቶ አይጻፍም።

ስለ ኪራይ ውሉም ልጨምር፤ ይህን በራሴ ዓይን አይቼዋለሁ። ዘመዴ ትንሽ የሻይ ቤት ልትከፍት ብላ ቤት ተከራየች። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት በእውነተኛው ዋጋ ሊፈርም አልወደደም። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ የተረጋገጠ ውል ካላየ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ምን ተደረገ? ሁለት ውል ተጻፈ፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለኪስ። ዘመዴ ገና አንድ ስኒ ሻይ ሳትሸጥ የመጀመሪያውን ውሸት በማኅተም አጸደቀች። አከራዩ በዓመቱ "ውጪልኝ" ሲላት በእጇ የያዘችው ሕጋዊ ወረቀት የምትከፍለውን ግማሽ ብቻ የሚመሰክር ነበር። ሕጋዊ ያደርግሻል የተባለው መንገድ ክርክር የማትችል አድርጎ አስቀራት።

ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሌላ አገር ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር፣ ወጪው 90 ሚሊዮን ዶላር። በአዋጅ ቁጥር 886/2007 መሠረት እዚያ የሚገባ ባለሀብት በአንድ መስኮት ይስተናገዳል፤ ፈቃዱም፣ ጉምሩኩም፣ ግብሩም አጥር ግቢ ውስጥ ይጠብቁታል። በዚያው በሐምሌ 2009 አነስተኛ ግብር ከፋዮች በ"ቀን ገቢ ግምት" ተማረው ከአምቦ እስከ ወሊሶ ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። ቀኑን በግምት፣ ገቢውን በገማች የተቆረጠበት ነጋዴ "ፈቃዴን ልመልስ" ቢል ደግሞ መመለሻውም ክሊራንስ ይጠይቃል። መግቢያው የጠበበ ቤት መውጫው የባሰ ይጠባል። አንድ መስኮት ለፋብሪካ ባለቤት ከተቻለ ለሻይ ቤት የማይቻልበትን ምክንያት እስካሁን የነገረኝ የለም።

ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት ማገባደጃ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ኅዳር 27 ተለቀቁ፤ የእድሳቱ ወቅት መሐል ለመሐል ማለት ነው። ሱቁ ተሰብሮ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ መዝገቡ ጭቃ ላይ ተበትኖ ያገኘ ነጋዴ አለ። ሕጉ የሚያውቀው ግን ያደሰና ያላደሰ ብቻ ነው። ሹም ሊታገሥ ይችላል፤ ትዕግሥቱ ግን አንቀጽ የለውም። ቆይቶ ደግሞ "ከእንግዲህ ሁሉም በኢንተርኔት ነው" ተባልን። ጥሩ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ግን መስኮቱ ከነመጋረጃው ተዘጋ።

ማሻሻያ አልተሞከረም አልልም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1150 ምዝገባውን ለማቅለል የታሰበ ነበር። በዚያ ሰሞን የመንግሥት ዓይን የዓለም ባንክ የንግድ ሥራ አመቺነት ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። ሰንጠረዡ ይለካ የነበረው ግን አዲስ አበባን ብቻ ነው፤ የሚለካውም ድርጅት አምስት ባለቤቶች ያሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበር። ሰኞ ገበያ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ኖራ አታውቅም። ባንኩ ራሱ አሃዞቹ ላይ የተሠራው ሸፍጥ ሲጋለጥበት ሪፖርቱን በመስከረም 2014 አቋረጠው። እኛ የሌላ ሰው ፈተና ላይ ውጤት ለማሻሻል ስንሮጥ ፈታኙ ወረቀቱን ቀደደው።

"ታዲያ ሁሉም ይለቀቅ?" የሚለኝ አይጠፋም። አይለቀቅ። መድኃኒት ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ቄራ ሳይፈቀድለት አይሥራ፤ እዚያ ስህተት ሰው ይገድላል። ለቀረው ግን ምዝገባ ይበቃል፤ ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትሸጥ ይታወቅ፣ ግብሯን ትክፈል፣ ሻማ ስትጨምር ትንገር። ወረቀት ሲያነብ የሚውለው ተቆጣጣሪ ማንኪያና ወንፊት ይዞ ይምጣ። የሸክላ ዱቄት ካገኘ ይቅጣ፤ ያን ጊዜ እኔም አጨበጭባለሁ። ለዚህ ደግሞ አዲስ ቢሮ አያስፈልግም፤ ያሉት ሰዎች ከግድግዳው ወደ ጆንያው ቢዞሩ ይበቃል።

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ያላደሳችሁ ካላችሁ ታኅሣሥ 30 እንዳያልፋችሁ፤ ከጥር 1 ጀምሮ ቅጣት አለው።