ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉበቷ ይታይላት

በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም ወዲህ በቦሌ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምርመራን የሚያስታውቁ ሰሌዳዎች በየሕንፃው ግንባር ተሰቅለው በሚታዩበት በዚህ ዘመን፣ የጡት ካንሰር እንዳለባት ገና የተነገራት ሴት ትልቁን የፊልም ፖስታ በብብቷ ይዛ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። መሣሪያውስ መጥቷል፤ ለማን፣ መቼና በማን ኪስ የሚለው ግን ገና ያነጋግራል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በአገራችን በዓመት ከ16 ሺህ የማያንሱ ሴቶች በዚህ ደዌ አዲስ ይያዛሉ፤ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ከጡት ተነሥቶ በደም ሲጓዝ ከሚያርፍባቸው አካላት ከአጥንትና ከሳንባ ጋር ጉበት አንዱ ሲሆን፣ በዚያ ከሰፈረ ጡትን መቁረጥ ብቻውን ፈውስ አይሆንም፤ መላ አካልን የሚያዳርስ መድኃኒት መቅደም አለበትና። ጉበትም ቻይ አካል ስለ ሆነ፣ ሴቲቱ ሕመም ሳይሰማት፣ የደም ምርመራዋም ደኅና እየመሰለ ስርጭቱ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም፣ ዕጢዋ የገዘፈ፣ የብብቷ ንፍፊቶች እርስ በርስ የተጣበቁባት፣ ወይም ከቀኝ ጎድኗ በታች የሚያማት ሴት ሁሉ፣ ቢላዋ ሳይነካት በፊት ጉበቷ በቀለም መርፌ በሲቲ ስካን ይታይላት የሚል ነው። ይህ በማይገኝበት ስፍራ አልትራሳውንድ ይቅደም፤ ጥቃቅኑን ሊስት እንደሚችልና በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ የተመካ መሆኑን እያወቅን።

ዕጢዋ ትንሽ፣ ንፍፊቷ ንጹሕ፣ ሌላ ምልክትም የሌለባት ግን ለዚህ ምርመራ ቤቷን ልትሸጥ አይገባትም፤ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም በልማድ እንዲደረግላት አይመክሩም። በጤነኛ ጉበትም ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ ወይም ሄማንጂዮማ የሚባለው ክፋት የሌለው የደም ሥር እብጠት ብዙ ጊዜ ይገኛልና፣ በሪፖርቱ ግርጌ «ስርጭት ሊሆን ይችላል» የምትለው አንዲት መስመር (እንዴት በቀላሉ ትጻፋለች!) ሴቲቱን ወደ ኤምአርአይ፣ ከዚያም ወደ መርፌ ናሙና ትልካለች፤ በዚህ መካከል ዋናው ሕክምና ይዘገያል። አጠራጣሪ ምልክት ሲታይ ግን ያለ ናሙና «አራተኛ ደረጃ ነሽ» ማለት ከዚህ የባሰ በደል ነው።

በግል ማእከል የተነሣው ምስልም ከወረቀቱ ጋር በሲዲ ይሰጣት፤ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ስትሄድ እንደገና ተነሺ እንዳትባል። የጤና ሚኒስቴርም የሆስፒታሉ መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ ድሆቹ ሕሙማን በነፃ የሚነሡበትን ውል ከቦሌ ማእከላት ጋር ይዋዋል።