አንድ አይሱዙ፣ መቶ ድንች ሻጭ

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ገሳይን የሚያውቅ ሰው የጉናን ብርድና የጉናን ድንች አብሮ ያውቃል። በቁፋሮ ሰሞን አይሱዙ ይቆማል፣ ደላላው ይወርዳል፣ ዋጋ ይጠራል። ገበሬው «ኧረ ትንሽ ጨምር ልጄ» ይላል። መልሱ አጭር ነው፦ «አባቴ፣ ከፈለጉ ይሽጡ፤ ካልፈለጉ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል።» ብዙ ጊዜ መኪናው አይሄድም፤ ገበሬው ይሸጣል።

ይህን ያየ ሰው ወይ «ደላላ ሌባ ነው» ይላል፣ ወይ «ገበሬው ዋጋ አያውቅም» ይላል። እኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል ባይ ነኝ።

እስኪ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ኪሎ ድንች 30 ብር ይሸጣል እንበል። ነጋዴው ለነዳጅ፣ ለጫኝና በመንገድ ለሚበላሸው በኪሎ 6 ብር ያወጣል። ስለዚህ እስከ 24 ብር ቢገዛ አይከስርም። ገበሬው ደግሞ ለዚህ ሰው ባይሸጥ፣ በአህያ ጭኖ ከተማ ወስዶ ሲቸረችር፣ ድካሙ ተቀንሶ 12 ብር ያገኛል። ድርድሩ እንግዲህ በ12 እና በ24 መካከል ነው። መሀል ላይ ያለችውን 12 ብር ማን ይውሰዳት?

ገዢው አንድ ብቻ ከሆነ 13 ብር ብሎ ድርቅ ይላል። ገሳይ ላይ ባይገዛ ክምር ድንጋይ ሄዶ ይገዛል። ገበሬው ግን የተቆፈረ ድንች ይዞ የት ይሄዳል? የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የልጅ ደብተር አለበት። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ጆን ናሽ እ.ኤ.አ. በ1950 ድርድርን በሒሳብ ሲያስቀምጥ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ጥያቄ ነበር፦ ስምምነቱ ቢፈርስ እያንዳንዱ ምን ይቀረዋል? ቢፈርስ ብዙም የማይጎዳው ሰው ሰፊውን ድርሻ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ሁለተኛ አይሱዙ መጣ እንበል። አንዱ 13 ሲል ሌላው 15፣ ያኛው 17 ይላል። ሁለቱ የእውነት ከተፎካከሩ ዋጋው ወደ 24 ይጠጋል። ድንቹ ያው ነው፣ ገበሬውም ያው ነው። የጨመረው የገዢ ቁጥር ብቻ ነው።

«የእውነት ከተፎካከሩ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ገዢዎች ሦስት አራት ብቻ ሲሆኑ ይተዋወቃሉ፤ ቁርስ የሚበሉትም አንድ ቤት ነው። ዛሬ ዋጋ የሰቀለ ሰው ነገ ሌሎቹ እንደሚሰቅሉበት ያውቃል። ስለዚህ ሳይፈራረሙ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይነጋገሩ፣ ሁሉም ያቺኑ ዋጋ ይጠራሉ። ሻጮቹ ግን በመቶ ይቆጠራሉ። «በዚህ ዋጋ ማንም አይሽጥ» ቢባል እያንዳንዱ «ጎረቤቴ ማታ ቢሸጥስ?» ብሎ ይጨነቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ፣ ድሩ እንዲያብር መቶ ሰው መተማመን አለበት፤ አንበሶቹ ግን ሦስት ናቸው።

ነገሩ የድንች ብቻ አይደለም፤ እጃችሁ ላይ ባለው ስልክም አይታችሁታል። ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ የቀነሰው ነሐሴ 2010 ነበር፤ ዘርፉ ለሌሎች ሊከፈት ነው ከተባለ ጥቂት ወራት በኋላ። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ግን መስከረም 2015 ነው። ለቅናሹ ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል። ቢሆንም «ሌላ ይመጣል» መባሉ በራሱ ጉልበት አለው።

«ታዲያ ስልክ አለን አይደል? ገበሬው የባሕር ዳርን ዋጋ ደውሎ ይጠይቅ» የሚል አይጠፋም። ሕንድ ኬረላ ውስጥ የሆነውን የኢኮኖሚ ተማሪዎች ሁሉ እንሰማለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የሮበርት ጄንሰን ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሞባይል ሲገባ ሰርዲን አጥማጆች ከባሕር ላይ ሆነው እየደወሉ የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ወደብ መሄድ ጀመሩ። ትርፋቸው በ8 በመቶ ጨመረ፣ የሸማቹ ዋጋም በ4 በመቶ ቀነሰ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አንርሳ፦ አጥማጁ ጀልባ ነበረው። የገሳይ ገበሬ ዋጋውን ቢያውቅ እንኳ አይሱዙ የለውም። መሄጃ የሌለው ሰው ዋጋ ማወቁ ንዴት ብቻ ነው የሚጨምርለት።

ለደላላውም ፍርድ እንስጥ። ድንች ይበሰብሳል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ገበያ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሚደፍረው ገዢ ይበልጥ ይቀንሳል። ደፍሮ የመጣው ለሥጋቱ ማስከፈሉ አይቀርም፤ ብቻውን ስለሆነም ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ሌላ ገዢ መፈለጊያው መንገድም አብሮ ተቋርጦ ነበር።

እና ምን ይደረግ? የገበሬውን 12 ብር ከፍ ማድረግና ገዢ ማብዛት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

አንደኛ፣ መቶ ሰው ከማሳመን አሥር ቤት ማሳመን ይቀላል። አሥር ጎረቤታሞች ይተያያሉ፣ ይተዋወቃሉ። የቁፋሮውን ሳምንት ቢከፋፈሉና ዝቅተኛ ዋጋ ቢቆርጡ ሁሉም በአንድ ቀን ገዢ ፊት አይሰለፉም። የደረሰ ድንች አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ ያልተቆፈረ ድንች ያለው ሰው «እምቢ» ማለት ይችላል።

ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በእጅ ይክፈሉ። አባል ለደላላ የሚሸጠው ማኅበሩን ስለጠላ ሳይሆን ደላላው ዛሬ ስለሚከፍል ነው። ግማሹ እንኳ በዕለቱ ቢከፈል ብዙ ነገር ይለወጣል።

ሦስተኛ፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይቀልባል፤ ሆስፒታልና ማረሚያ ቤትም አለ። የድንች ጨረታ በትንንሽ ተከፋፍሎ ቢወጣ አሥር ገበሬዎች ተሰባስበው መወዳደር ይችላሉ። ጨረታው አንድ ትልቅ ጥቅል ከሆነ ግን የሚያሸንፈው ያው መኪና ያለው ነጋዴ ነው።

አራተኛ፣ ተስማምቶ ዋጋ መወሰን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ሕጉን የሚያስታውሱት ከተማ ውስጥ ዘይት ሲወደድ ብቻ መሆን የለበትም። ገበሬው ሲሸጥም ገበያ ነው።

የመጨረሻው ለእኛ ነው፣ ይህን በስልኩ ለሚያነበው። አባትህ ወይም አጎትሽ ድንች የሚያመርቱ ከሆነ «ዋጋው ስንት ነው» ብሎ መንገር ብቻ አይበቃም። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ አትክልት ቤት፣ አንድ ሌላ ባለ አይሱዙ ፈልጉ። ቁጥሩን ያዙ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ደውሉ። ሁለተኛው ገዢ ባይመጣ እንኳ፣ ሊመጣ እንደሚችል የመጀመሪያው ይወቅ። ያኔ ደላላው «መኪናው ይሄዳል» ሲል ገበሬውም «ይሂድ፣ ነገ ሌላ ይመጣል» ማለት ይችላል።