ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍ

በአዲስ አበባ ሁለቱ የከተማ ባቡር መስመሮች በሚጋሩት የስታዲየም ጣቢያ ሕዝቡ ተጨናንቆ ይሳፈራል፤ ተጨናንቆ ይወርዳል። ከዚህ ሕዝብ መካከል ከየገጠሩ ለቀን ሥራ የመጣው ወጣት ይገኝበታል። ይህ ወጣት ቀን በሰው መካከል ይውላል፤ ሌሊቱን ጠባብ በሆነ የኪራይ ክፍል ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ያድራል። የአጨዳ ጊዜ ሲደርስ ወደ ቀየው ሲመለስ፣ በከተማ የያዘው ጉንፋን ቢለቀውም ሳሉና የደረት ውጋቱ አብረውት ይገባሉ። ሲጠየቅም «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ይላል። በመሆኑም የከተማው ሳል የገበሬ ማኅበሩም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ከጉንፋን፣ ከኢንፍሉዌንዛ ወይም ከኮቪድ በኋላ የሚቀር ሳል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የተቆጣው የአየር ቧንቧ እስኪያገግም ድረስ ሳሉ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ደረትንም የሚወጋው ብዙውን ጊዜ በማሳል ብዛት የደከመው የጎድን አጥንት ጡንቻ ነው፤ ሲጫኑት፣ ሲያስሉና ሸክም ሲያነሡ ይብሳል። የማገዶ ጭስና በአውድማ ላይ የሚነሣው የእብቅ ብናኝ ሳሉን ያራዝሙታል።

ችግሩ ግን የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ በሳል የሚጀምር መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባወጣው ዝርዝር፣ በሽታው ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በሽታው በአየር ስለሚተላለፍ አንድ ያልታከመ ሰው መጀመሪያ የሚጎዳው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ቤተሰቦቹን ነው። ሁለቱን ሳሎች በጆሮ ሰምቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ማስመርመር የግድ ነው። የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳትና ደም የቀላቀለ አክታ ሲታከልበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የማስተላለፍ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። ነገር ግን ብዙዎች በሁለተኛው ወር ሲሻላቸው ድነናል ብለው ያቋርጣሉ። ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ለራሱም ለጎረቤቱም አስቸጋሪ ይሆናል።

ጉንፋን መሰል በሽታ የሚናቅ አለመሆኑን አገራችን ታውቃለች። በ1911 ዓ.ም. የገባው «የኅዳር በሽታ» አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ያዋለ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ብዙውን ሰው የገደለው ጉንፋኑን ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታውን ማገዱ ለሳንባ ነቀርሳ ሥራ ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ ፕሮግራሞችን አናግቷል። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ሊቋረጥ እንደሚችል ከታየ፣ በሽተኛውን ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ በቀየው ሰው ላይ ይበልጥ ይወድቃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁሉን ቤት ብቻቸውን ሊያዳርሱ አይችሉም። ከከተማ ማን እንደ ተመለሰ፣ ማን ከአውድማ እንደ ቀረ ቀድሞ የሚያውቀው የማኅበሩ መሪ ነው።

በመሆኑም መሪዎች በስብሰባም፣ በዕድርም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍም የሁለት ሳምንቱን ደንብ ማስታወቅ ይገባቸዋል። ሕክምና የጀመረው ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ አዝመራው በደቦ ቢሰበሰብለት ትልቅ እርዳታ ነው። ለሳል መፍትሔ ተብሎ የሕፃን እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስንና ቁስል ማመርቀዝን ስለሚያስከትል መቆም አለበት። የከብት ነቀርሳ ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ወተት ፈልቶ ይጠጣ። ማድ ቤትም ጭስ መውጫ ይበጅለት።

ሁለት ሳምንት የማይጠበቅባቸውም ምልክቶች አሉ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደም ያሳለ፣ ደረቱን ድንገት አጥብቆ የያዘው ሰው፣ እንዲሁም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት መወሰድ አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሳልን ግን መደበቅ አይቻልም፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። የሰማው ሰው ዝም እንዳይል ማድረግ የመሪው ድርሻ ነው።