ጌሾውን በወጉ ሳናደርቅ

ሌሶቶ ካናቢስ ለመድኃኒት እንዲመረት እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቃድ ስትሰጥ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ነበረች። በዓመቱ ዚምባብዌ፣ በ2020 ደግሞ ማላዊ ተከተሏት። በዚያው ዓመት መገባደጃ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ተክሉን ከዓለም አቀፉ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ሠንጠረዥ አወጣው። ሌሶቶ እንደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ናት፤ ሕዝቧ በግ ያረባል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይውላል፤ ብርድ ልብስ የሚያመርተው የደብረ ብርሃን ሰው ቢያያቸው ዘመድ ሳይመስሉት አይቀሩም። እናም «እነሱ ከቻሉ እኛስ?» የሚል ቢነሳ አይገርምም። የእኔ መልስ «እኛ ገና ነን» ነው። ይህን የምለው ስለ ሥነ ምግባር ልሰብክ አይደለም። የተቆረጠ ቅጠል አድርቆ ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኛም ይህን ሙያ በሕግ በተፈቀደልን፣ በየጓሯችን በበቀለው ጌሾ ላይ እንኳ አላዋልነውም።

ሕጉን አስቀድሞ ማንሳት ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውንም የሚያዘዋውረውንም ይቀጣል፤ ይህ ጽሑፍም ማንም አንዲት ዘር እንዲዘራ አይመክርም። ዓለም አቀፉ የ1961 ስምምነት ግን ለመድኃኒት መመረቱን ጨርሶ አይከለክልም። ለሚፈቅዱ አገሮች የሚያስቀምጠው ግዴታ ደግሞ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ገበሬው ምርቱን በሙሉ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስረክባል፣ መሥሪያ ቤቱም ምርቱ ተሰብስቦ ካለቀ ቢዘገይ በአራት ወር ውስጥ በእጁ ያስገባዋል። መጋዘን የሌለው መንግሥት ይህን ግዴታ ከየት ይወጣዋል? የንግዱም ባሕርይ ወደዚያው ይመራል። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ነፋስ በሚገባበት ጨለማ ክፍል አንድና ሁለት ሳምንት ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ትርፍ ቅጠሉ ይከረከማል፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ያፈርሱታል፣ እርጥበት ደግሞ ያሻግተዋል። በዘርፉ የታወቀው መለኪያ በደረቀው አበባ ውስጥ ለሻጋታ የሚተርፈው ውኃ ከ0.55 እስከ 0.65 ባለው ጠባብ ክልል እንዲቆይ ይጠይቃል። ሌሶቶ ፈቃዱን በ2017 ብትሰጥም አንድ የአገሪቱ ኩባንያ የአውሮፓን የመድኃኒት አመራረት የጥራት ማረጋገጫ ያገኘው በ2021 ነው። ተክሉን ለማብቀል ያን ያህል ዓመት አያስፈልግም። ለትውልድ ሲያበቅሉት የኖሩት የሌሶቶ ትንንሽ ገበሬዎችም አብዛኞቹ ከንግዱ ውጭ ቀርተዋል። ማብቀል ያውቃሉ፤ ገዢው የሚጠይቀውን ማድረቂያ፣ ቤተ ሙከራና መጋዘን ለማቆም ግን አቅሙ የላቸውም።

ለደብረ ብርሃን ከካናቢስ ይልቅ የሚቀርበው የካናቢስ ዘመድ ነው። የቢራ ምሬትና ጠረን የሚገኝበት ሆፕ በዕፅዋት ምደባ ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ደብረ ብርሃን የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ስትሆን ገብሱ ከአካባቢው ገበሬ ሲመጣ ሆፑ ከባሕር ማዶ ይገባል። እዚሁ እንትከለው ቢባል ተክሉ በበጋ ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም በማይበላለጥበት አገር ቶሎ ያብብና ምርቱ ይሳሳል። ልንቀስመው የሚገባን ትምህርት ግን ሆፕን ሆፕ ያደረገው ከማሳው በኋላ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው። ሲለቀም ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚያህለው ውኃ ነው። በሰዓታት ውስጥ ወደ ማድረቂያ ቤት ይገባል፣ እርጥበቱ ከመቶ አሥር ገደማ እስኪሆን ሞቃት አየር ይነፋበታል፣ ተጨምቆ ይታሸጋል፣ በቀዝቃዛ መጋዘን ይቀመጣል። ቢራ ጠማቂው የሚከፍለው በኪሎ ብቻ አይደለም፤ መራራው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደሆነ ተለክቶ በዚያ ነው።

የእኛ ሆፕ ጌሾ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ መሆኑን የማያውቅ የለም። ምሬቱ ከየት እንደሚመጣም ከታወቀ ቆይቷል፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው እ.ኤ.አ. በ1995 «ጌሾይዲን» በሚል ስም አሳትመውታል። ይህ ሁሉ እየታወቀ ገበያችን ጌሾን የሚገዛው በዓይን፣ የሚከፍለውም በክብደት ነው። ጉዳቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ውኃ የሆነ 100 ኪሎ ቅጠል እንውሰድ። እርጥበቱ ከመቶ 10 እስኪሆን በደንብ ያደረቀው ገበሬ 28 ኪሎ ገደማ ይዞ ገበያ ይወጣል። ከመቶ 20 ላይ ማድረቁን ያቆመው ጎረቤቱ 31 ኪሎ ይዞ ይወጣል። ዋጋው አንድ ከሆነ ያልደከመው ከደከመው በሦስት ኪሎ ይበልጣል፤ ገዢው ደግሞ ለውኃ ከፍሎ ሻጋታ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ገበያ ገበሬውን «በደንብ አድርቅ» ብሎ ሊመክረው አይችልም፤ በየሳምንቱ «አታድርቅ» እያለ ይከፍለዋል እንጂ። ምክር ለማይሰማ ገበሬ የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ ለምን እንደማይሠራ የሚገርማቸው ባለሙያዎች ከዚህ ስሌት ቢጀምሩ ጥሩ ነበር።

የአካባቢው አየር ነገሩን ያከብደዋል። አንኮበር ከሸንተረሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ከቆላው የሚወጣው ጉም ይውጣታል፤ ጠዋት የተሰጣ ቅጠል ከሰዓት በኋላ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በልግ ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ቦታዎች ይረጥባሉ። በፀሐይ መሬት ላይ ማስጣት ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ፀሐዩ ግን አረንጓዴውን ቀለም ያነጣዋል፣ ከመሬቱም አቧራና የከብት እዳሪ ይቀላቀላል። የሚያዋጣው ጥላ፣ ነፋስና ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ነው፤ ሦስቱም በገጠር ቤት የማይታጡ ናቸው። ከደረቀ በኋላ ግን ገና እርጥበት ያልለቀቀውን ከደረቀው ጋር በአንድ ጆንያ ጠቅጥቆ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ የድካሙን ግማሽ ያጠፋዋል። ከእርጥቡ የሚወጣው ውኃ ወደ ደረቁ ይዛመታል፣ መሐሉ ይሞቃል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም።

ጌሾ ትንሽ ንግድ ነው፣ ይህን ያህል አያከራክርም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር አይወዳደርም። ግን የአያያዝ ጉድለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከወዲሁ የምናውቀው በሌሎች ምርቶች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገቡ ቅመማ ቅመሞችን ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ፣ በአፍላቶክሲን፣ ስጋት ተጨማሪ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች ተርታ አሰልፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል የአውሮፓን የአፍላቶክሲን ገደብ ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ዋናው ጥርጣሬ የወደቀው ላሞቹ በሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ወተት ለምታመርተው ደብረ ብርሃን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። እርጥበት ያልተለካበት ምርት ከጆንያ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሕፃን ብርጭቆ ይደርሳል። ጌሾን የመረጥኩትም ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በትንሹ ያልተለማመድነውን መለኪያ ቤተ ሙከራና ፖሊስ በሚያጅበው ምርት ላይ እንጀምረዋለን ማለት ለእኔ አይገባኝም።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላ መከራከሪያ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶች ጌሾን በእጃቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ በምላሳቸው ቀምሰው ይለያሉ፤ መሣሪያ ምን ይሠራል? ደረጃ ማውጣትስ ዋጋውን ሰቅሎ ጠላ ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉትን አይጎዳም ወይ? የመጀመሪያውን እቀበለዋለሁ፤ ሻጭና ገዢ በሚተዋወቁበት የገጠር ገበያ ከጠማቂዋ እጅ የሚበልጥ መለኪያ የለም። ጌሾው ግን በነጋዴ እጅ አልፎ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዋሽንግተን ያሉ የሐበሻ መደብሮች ይደርሳል፤ እዚያ የምትገዛው ሴት ፌስታሉን ቀዳ ማሽተት አትችልም። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ጠማቂዋ ዛሬም ለውኃውና ለሻገተው ትከፍላለች፤ ጌሾው ደካማ ሲሆን መጠኑን ትጨምራለች፣ ጥንስሱ ሲበላሽባት ደግሞ ብቅሉም ማገዶውም አብሮ ይጠፋል። በኪሎ የሚጨመር ጥቂት ብር ከዚህ ኪሳራ በታች ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ የምትከፍለው ለቅጠል ይሆናል።

ገዢው ሲለካ ገበሬው እንደሚያደርቅ ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቢራ ገብስ የሚረከብ ብቅል ፋብሪካ እርጥበቱንና የመብቀል አቅሙን ሳይፈትሽ አይገዛም፤ የሰሜን ሸዋ ገበሬም ይህን ቋንቋ ከገብሱ ተምሮታል። ለጌሾ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የቅጠልና የእንጨት ድርሻን፣ የእርጥበትን ጣሪያና ከሻጋታ ነፃ መሆንን የያዘ አጭር ደረጃ ያውጣ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲው በአንኮበር ጉምና በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በጥላና በፀሐይ የደረቀ ጌሾ ስንት ጌሾይዲን እንደሚቀረው ይለኩ፤ ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። የእርጥበት መለኪያው የገበሬው መሆን የለበትም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ ይግዛና ሚዛኑ አጠገብ ያስቀምጠው። ዋጋው በሁለት ይከፈል፦ ለደረቀው ሙሉ፣ ለእርጥቡ ውኃው ተቀንሶ። ነጋዴው መጀመሪያ ላይ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ ምክንያቱም ዛሬ እርጥቡን ገዝቶ ለሚቀጥለው ገዢ በዚያው ክብደት የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ ለዚህ ነው ማኅበሩ ራሱ ገዢ ሆኖ ገበያ እንዲገባ የምፈልገው።