ከውድ መሣሪያ በፊት የጠራ ጥያቄ

ስለ ኮሎይድ፣ ስለ ቁስ ገጽና ስለ ስስ ሽፋን በምናስተምርበት ክፍል «መሣሪያ ስለሌለ ሙከራ አልሠራንም» የሚል ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። ቅሬታው መሠረተ ቢስ ነው አንልም። በብዙ ገንዘብ ከውጭ የመጣ መሣሪያ አንዲት መለዋወጫ አጥቶ አቧራ ለብሶ ማየት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ የዘርፉ ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምረናል።

በውሃ ላይ የተዘረጋ ስስ ሽፋን የሚጠናበትና ዛሬ በላንግሚዩር ስም የሚጠራው ገንዳ የተጸነሰው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በማጀት ነው። ጀርመናዊቷ አግነስ ፖከልስ በዘመኗ የነበሩት የአገሯ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን ስለማይቀበሉ ከፍተኛ ትምህርት አላገኘችም። ነገር ግን ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 5፣ ጥልቀቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ገንዳ እስከ አፉ ውሃ ሞልታ በላዩ ቀጭን ቆርቆሮ አጋደመች። ቆርቆሮውን እያንሸራተተች የውሃውን ገጽ ታሰፋለች፣ ታጠባለች፤ 6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላትን ክብ ዝርግ ከውሃው ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይልም በሚዛን ትለካለች። ቅባት የነካው ገጽ ሲጠብ፣ የገጽ ውጥረቱ እስከ አንድ ወሰን ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ ከዚያ በፍጥነት እንደሚቀንስ ደረሰችበት። ወሰኑ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ቦታ የሚያጡበት ነው። ግኝቷን ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሌ ጻፈች፤ በእርሱም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1891 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ። ኢርቪንግ ላንግሚዩር ዘዴውን አሻሽሎ በ1917 ሽፋኑ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት እንዳለው አሳየ፤ በገጽ ኬሚስትሪ ላበረከተው ሥራም በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ በመነሳት የምናቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ተማሪ ወደ ውድ መሣሪያ ከመቅረቡ በፊት በገዛ እጁ በሠራው ይለካ። በአልኮል እጅግ የቀጠነ የኦሊይክ አሲድ ጠብታ ታልክ በተነሰነሰበት ውሃ ላይ ሲወድቅ ዱቄቱን ገፍቶ ክብ ቦታ ይከፍታል። በጠብታው ውስጥ ያለውን የአሲድ ይዘት ለክቡ ስፋት ብናካፍል የሽፋኑን ውፍረት እናገኛለን፤ ከ1 እስከ 2 ናኖ ሜትር ገደማ ይሆናል። በማስመሪያ ብቻ ሞለኪውል ተለካ ማለት ነው!

የአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕና ኤሊፕሶሜትር ለምርምር አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም፤ ጥያቄያችንንም አናቋርጥም። ነገር ግን የሚለካውን ሳይረዳ ቁልፍ መጫን ብቻ የለመደ ተማሪ፣ መሣሪያው የተበላሸ ዕለት እውቀቱም አብሮ ይቆማል። ገንዳ የሠራ ተማሪ ግን መሣሪያው በደረሰ ጊዜ ምን እንደሚጠይቀው፣ ሲበላሽም የት እንደሚፈልግ ያውቃል።