ልሙጥ ወይስ ኮከብ ያለው? ከካናዳ የምናየው ነገር

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ከቦሌ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ የሰፈር ልጆች ብር አዋጥተው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይሰቅላሉ። ወዲያው ያው ጥያቄ ይመጣል፦ ኮከብ አለው ወይስ ልሙጥ ነው? ቀልድ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለውን መጠቀም ወንጀል ነው።

"ባንዲራው ላይ እኔ የት አለሁ?" የሚለው ጥያቄ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክ ከካናዳ ትገንጠል ወይስ ትቆይ ተብሎ ጥቅምት 1988 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። "ትቆይ" ያሉት 50.58 በመቶ ሆነው ለጥቂት አሸነፉ። ከድምፁ በፊት በነበሩ ሰልፎች ላይ የአንድነት ደጋፊዎች አዲስ ባንዲራ ይዘው ወጡ፦ ቅጠሏ እንዳለች ሆና፣ በሁለቱ ቀይ ጎኖች ላይ ሰማያዊ መስመር ተጨምሮበታል። ስፋቱም የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ድርሻ በግምት እንዲያሳይ ነው የተሠራው። የመንግሥት ባንዲራ አልሆነም፤ ያዙት ብሎ ያስገደደም የለም። አትሂዱብን የሚል ልመና ነበር።

ልብ በሉ፣ ከዛ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ጥር 1988፣ የኛ ባንዲራ ላይ ሰማያዊው ክብና ኮከቡ ገቡ። ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ዓርማው ብሔር ብሔረሰቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነት አብረው የመኖር ተስፋቸውን ያንጸባርቃል ይላል። የኛ ግን ከላይ ነው የመጣው፣ ኋላም ቅጣት ተከተለው። ስለዚህ ኮከቡን ማውጣት ራሱ ተቃውሞ ሆነ።

ልሙጡን "የነገሥታት ነው" ለሚሉ፦ የኃይለ ሥላሴው አንበሳ ነበረበት። ልሙጡን ይሰቅል የነበረው የሽግግር መንግሥቱ ራሱ ነው። ኮከቡን "ሴራ" ብቻ አድርገው የሚያዩም፣ በድሮው ባንዲራ ስር ቋንቋው የተናቀበት ሰው ምን እንደሚሰማው መጠየቅ አለባቸው።

ጳጉሜ 2010 የግንቦት 7 አመራሮች በቦሌ ሲገቡ ከተማው በልሙጡ ተጥለቀለቀ። ሳምንት ሳይሞላ፣ የኦነግ አመራሮች ሊገቡ ሲሉ፣ ወጣቶች በባንዲራና በመንገድ ጠርዝ ቀለም ተጋጩ። በዛው ሰሞን አዲስ አበባና ቡራዩ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ።

አንቀጽ 3ን መቀየር ረጅም መንገድ ነው፣ ስምምነትም ይፈልጋል። አዋጁ ላይ ያለውን ቅጣት ማንሳት ግን ፓርላማው በተራ ድምፅ ሊጨርሰው የሚችለው ሥራ ነው።