ያላገሣው አንበሳ

ፊልም ሲጀመር የኩባንያው ዓርማ እስኪያልፍ ድረስ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የሚያወጋ ተመልካች ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ተራራው፣ ሉሉ፣ ጋሻው፣ የሚያገሣው አንበሳ ሁሉም ከታሪኩ ቀድመው የሚመጡ የባለገንዘቡ ማኅተሞች ናቸው። እኔ ግን ከእነዚህ ዓርማዎች አንዳንዶቹ ከፊልሙ እኩል ሊነበቡ ይገባል ባይ ነኝ።

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። በእኛ ሙያ ፊርማ ከናሙናው ካፈነገጠ ቼኩ ይመለሳል፤ ማኅተምም የሚታመነው ስለማይለወጥ ነው። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ኩባንያ በብዙ ገንዘብ ያስተዋወቀው ምልክት ለአንድ ፊልም ሲባል እንዲደበዝዝ ወይም እንዲሰጥም ሲፈቅድ ነገሩ ቀላል ሆኖ አይታየኝም። ባለጸጋ ተነሥቶ ለባለቅኔ ወንበሩን እንደ መልቀቅ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ስቲቨን ስፒልበርግ በ«ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» የፓራማውንትን ተራራ ቀስ በቀስ ወደ እውነተኛ ተራራ ለወጠው፤ ተመልካቹ ገና ዓርማ የሚያይ መስሎት ሳለ ታሪኩ ውስጥ ገብቷል። በ1995 በ«ዋተርወርልድ» የዩኒቨርሳል ሉል የዋልታ በረዶው ቀልጦ የብሱ በውኃ ተዋጠ፤ መቅድሙ በዚያው አለቀ። በ1999 በ«ዘ ማትሪክስ» የዋርነር ብራዘርስ ጋሻ የኮምፒውተሩን ዓለም አረንጓዴ ለበሰ። ለግጥም ወዳጅ ግን የ1992ቱ «ኤሊየን 3» ይብሳል። ሁላችን በጆሯችን የምናውቀው የፎክስ የመለከት ዜማ ሊያበቃ አንዲት ድምፅ ሲቀረው ባለበት ይንጠለጠላል፤ ፉከራው ወደ ሥጋት ይዞራል። ቤት ሊመታ ሲል ቤቱን መንሣት ይሏል ይህ ነው።

ቀልድ ብቻ የሆኑም አሉ። በ2007ቱ «ዘ ሲምፕሰንስ ሙቪ» አንድ ሕፃን በዓርማው ላይ ብቅ ብሎ ያንኑ ዜማ ያንጎራጉራል፤ ፈገግ ያሰኛል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በ2012 «አርጎ» የዋርነርን የ1970ዎቹ ዓርማ መዋሱ ተገቢ ነበር፤ ታሪኩ የዚያው ዘመን ማብቂያ ነውና። ያለ ምክንያት የሚያረጁ ዓርማዎች ግን ሽበት የተቀባ ጎረምሳ ይመስሉኛል።

በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚልቀው ምንም ያልተጨመረበት ነው። የ1959ኙ «ቤን ኸር» ወደ ክርስቶስ ልደት የሚያመራ መክፈቻ አለው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ግሣት የዚያን ሌሊት ጸጥታ ያውካል ብሎ ሰጋ፤ ኤምጂኤምም ቃሉን ሰማ። አንበሳው በሥዕል ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ይህን የማነሣው ለፊልም ብቻ ብዬ አይደለም። በየግጥም ምሽቱ ከገጣሚው ጀርባ የስፖንሰሩ ባነር ይሰቀላል። አንዱ የእናቱን ሞት እያነበበ እንባው ሲተናነቀው ከኋላው የማስታወቂያው ፊት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ስፖንሰሩን አልነቅፍም፤ ያለ እርሱ አዳራሹም አይከራይ፣ መጽሐፉም ማተሚያ ቤት አይገባ። ነገር ግን ኤምጂኤምን የሚያህል ድርጅት አንበሳውን ዝም ካሰኘ፣ ለአንድ የኀዘን ግጥም ባነሩን አምስት ደቂቃ ሸፍኑልኝ የሚል ሰው ከመካከላችን እንዴት ይጠፋል? በሚቀጥለው ምሽት የሚያነብ ገጣሚ ካለ ይጠይቅ። ቢበዛ እምቢ ይባላል።